ዲያግራም ላይ ጌጥና ጽሑፍ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ስለ ዲያግራም የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ማስዋብ ሆነ፤ እሺ፣ በዚያው እንሂድ። ሌላ ነገር ካልጠቀስኩ የማወራው ድሮው አይኦ (draw.io) ስለሚባለው የዲያግራም መሳያ ፕሮግራም ነው።

ጥያቄ፦ ከላይ ርዕስ መጻፍ ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።
መልስ፦ ባዶው ቦታ ላይ ዳብል ክሊክ አድርግ፤ ከሚመጣልህ ዝርዝር ቴክስትን ምረጥ። ቀስት ላይ ለመጻፍም ቀስቱን ራሱን ዳብል ክሊክ ነው።

ጥያቄ፦ ከጀርባ እንዲሆን ያስገባሁት ባለቀለም ሬክታንግል ሳጥኖቼን ሸፈናቸው።
መልስ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ስትጫኚ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ በኮንትሮልና ኤል ቆልፊው፤ አለበለዚያ ሌላ ነገር ልትይዢ ስትይ እሱ እየተጎተተ ያናድድሻል። ጌጡ ከበዛ የራሱ ሌየር (ንብርብር) ላይ አድርጊው፤ ሲያስፈልግ በአንድ ክሊክ ትደብቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ ኤስቪጂ (የሥዕል ፋይል ዓይነት) አድርጌ ያወጣሁት ፋይል «ቴክስት ኢዝ ኖት ኤስቪጂ» ይለኛል። ብሮውዘር ላይ ግን ደህና ነው።
መልስ፦ ይሄ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ድሮው አይኦ ጽሑፉን ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) አድርጎ ኤስቪጂው ውስጥ ይከተዋል። ብሮውዘር ያነበዋል፤ ብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች አያነቡትም። ሁሉንም ሴሌክት አድርግና ቴክስት በሚለው ታብ ውስጥ «ወርድ ራፕ» እና «ፎርማትድ ቴክስት» ላይ ያለውን ምልክት አንሳ። ከዚያ በኋላ ረጃጅሙን መስመር በእጅህ መስበር ይኖርብሃል። ኤስቪጂ የግድ ካልሆነብህ ፒዲኤፍ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ አማርኛው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታየ።
መልስ፦ እዚያ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ስለሆነ ይጫኑበት። ፋይሉን ለሰው የሚልኩት ከሆነ ግን ፒዲኤፍ ያድርጉት፤ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል። ፊደሉን ደግሞ ባያጋድሙት ደስ ይለኛል፤ አያምርበትም።

ጥያቄ፦ ቢፒኤምኤን (የሥራ ሂደት መሳያ ሥርዓት) ላይ ማስታወሻ በታስክ ሳጥን ብጽፍ ችግር አለው?
መልስ፦ አለው እንጂ! ታስክ ሥራ ነው። ሞዴሉን የሚያስኬደው ሶፍትዌር እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። ለማስታወሻ ቴክስት አኖቴሽን አለልሽ፤ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ቅንፍ ይመስላል፣ በነጠብጣብ መስመር ይያያዛል። ዩኤምኤል (የሶፍትዌር ንድፍ መሳያ ሥርዓት) ላይ ደግሞ ማስታወሻው ጥጉ የታጠፈ ወረቀት ነው። ሁለቱም የሥራውን ፍሰት አይነኩም።

ግን የጻፍሽውን እዪው። የላክሽልኝ የብድር ሂደት ላይ «ከ2 ቀን በላይ ከቆየ ለኃላፊው ይነገር» ይላል። ይሄ ማስታወሻ ሳይሆን ሕግ ነው! በአኖቴሽን ከተጻፈ ሰው ያነበዋል፣ ሶፍትዌሩ ግን ዘሎት ያልፋል። ታስኩ ጠርዝ ላይ የሰዓት ምልክት ያለው ታይመር ኢቨንት አድርጊ፤ ከዚያ ወደ ኃላፊው የሚሄድ ቀስት አውጪ።

ጥያቄ፦ አርኪሜት (የድርጅት አወቃቀር መሳያ ቋንቋ) ላይ ቢጫውን በድርጅታችን ቀለም ብንቀይረው ሞዴሉ ይበላሻል?
መልስ፦ አይበላሽም። ቢጫ ለቢዝነስ፣ ሰማያዊ ለአፕሊኬሽን፣ አረንጓዴ ለቴክኖሎጂ መሆኑ ልማድ ነው። ከቀየራችሁ ግን የቀለሞቹን ትርጉም ጥግ ላይ ጻፉ። ጥላውንና ሎጎውን ለሽፋን ገጹ ተዉለት።