ትሮምቦኑ የሚተነፍስበት ቦታ

ውድ ወጣት ሙዚቀኞች፣

በትሮምቦን የሚመራ የአነስተኛ ባንድ አልበም ልትቀርጹ ስትነሡ፣ ስለ ማይክሮፎን ከማሰባችሁ በፊት ከትሮምቦኑ ጎን ማን እንደሚቆም ወስኑ። ትሮምቦን በወንድ ድምፅ ከፍታ የሚያዜም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ኖታውን የሚለውጠው ስላይድ በተባለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተት ቱቦ ነው። የፒያኒስቱ ግራ እጅ፣ ጊታሩ፣ ቴነር ሳክስፎኑ ሁሉም እዚያው ሰፈር ናቸው። ሁሉም እኩል ከገቡበት ድምፁ ይደፈርሳል፤ የደፈረሰውን ደግሞ ሚክሲንግ፣ ማለትም ከቀረጻ በኋላ ድምፆችን ማመጣጠን፣ አያጠራውም።

የጃዝ ትሮምቦን ተጫዋቹ ከርቲስ ፉለር እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1959 ኒው ጀርዚ፣ ሃከንሳክ፣ ሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ የቀረጸውን «ብሉዜት» የተባለ አልበም ደጋግማችሁ ስሙ። ቤኒ ጎልሰን በቴነር ሳክስፎን፣ ቶሚ ፍላናጋን በፒያኖ፣ ጂሚ ጋሪሰን በቤዝ፣ አል ሄርዉድ በድራም ናቸው። ስድስቱም ሙዚቃዎች በዚያው አንድ ቀን ተቀርጸዋል። ትራምፔት የለበትም። ትሮምቦኑና ቴነሩ የሚጋሩት ክልል ሰፊ ስለሆነ አብረው ዜማ ሲይዙ እንደ አንድ ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ፤ ፍላናጋንም ኮርዱን አሳጥሮ ቦታ ይለቅላቸዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ መልቀቅ ነው።

ዜማውን ስትጽፉ በፒያኖ መሀል ካለው ሲ በታች ካለው ኤፍ እስከ በላዩ ኤፍ ድረስ አቆዩት፤ ትሮምቦን እዚያ ላይ ይጣፍጣል። ለፈጣን ሐረግ ከመሀለኛው ሲ በላይ ያለውን ዲ በአራተኛ ፖዚሽን (ስላይዱ ከሚቆምባቸው ቦታዎች አራተኛው)፣ በታቹ ያለውን ቢ ፍላት በአምስተኛ ልመዱ። ክንዳችሁ ሁልጊዜ ወደ አንደኛ ከተመለሰ ስላይዱ ይዘገያል፣ ድምፁም ይንሸራተታል።

ለቀረጻ የሪበን ማይክሮፎን፣ ማለትም ድምፅን በስስ የብረት ጥብጣብ የሚቀበለውን፣ እመርጣለሁ። ከመሣሪያው አፍ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፣ ትንሽም አዘንብሉት፤ ትንፋሹ በቀጥታ ከመታው ሪበኑ ይጎዳል። አብዛኛው ሪበን በፊትና በኋላው እንጂ በጎኑ ስለማይሰማ ጎኑን ወደ ድራሙ አዙሩ፤ ያን ጊዜ ሁላችሁም በአንድ ክፍል መጫወት ትችላላችሁ። የኖታ መቆሚያው ከመሣሪያው አፍ ፊት አይሁን። ድምፁ ከወረቀቱ ነጥሮ ሲመለስ ቀረጻው ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ዝቅ አድርጉት ወይም ወደ ቀኝ አውጡት።

የቃናው ነገር ብዙዎችን ያታልላል። መሣሪያው ሲሞቅ ቃናው ይወጣል፣ ፒያኖው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ 20 ደቂቃ ከተነፋ በኋላ ቃኙ። ረጅም የፒያኖ ሶሎ ሲመጣ መሣሪያው ይበርዳል፣ ስትገቡም ዝቅ ብላችሁ ትገባላችሁ፤ ተራችሁ ሲቃረብ ሙቅ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ንፉበት።

ከሦስት ጊዜ በላይ አንድን ሙዚቃ አትደጋግሙ። መጀመሪያ የሚደክመው ከንፈር ነው፣ ከንፈር ሲደክም ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋው ለስላሳ አጀማመር ነው። ባላዱን፣ ማለትም ዝግ ያለውን ሙዚቃ፣ ለመጨረሻ የሚያስቀምጡ ይሳሳታሉ፤ ከንፈር ሳይዝል ቅረጹት፣ መካከለኛ ፍጥነት ያለውን ብሉዝ ለማብቂያ ተዉት።

ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ከትንፋሽ በመሣሪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አስወጡ፣ ስላይዱንም ውሃ ርጩበት። ቀረጻው ሲያልቅ ግን ሲምባሉ ፈጽሞ እስኪጠፋ ማንም አይንቀሳቀስ፤ የውሃ ማውጫዋ ትንሽ ቅጭታ እንኳ ሪከርዱ ላይ ትቀራለች።