መልስ፦ «የአየር ንብረት ለውጥ አለ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ

እንደጻፍክልኝ፣ ለጥናትህ የሲዳማ ደጋ ወደሆነችው ሁላ ወረዳ ወጥተህ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስትጠይቅ ገበሬው ሁሉ «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ መጠይቅህን ከዘጋብህ፣ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ያን ቃል አውጣና እንዲህ በል፦

1. የበልግ ዝናብ ድሮ መቼ ይገባ ነበር? ዓመቱ ከጠፋባቸው «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?»
2. ድሮ በብርዱ የማይበቅል፣ አሁን ጓሮ የገባ ሰብል አለ? በቆሎን ስም ጠርተህ ጠይቅ።

ከዚያ እንሰቱ ሥር ቁምና አስቆጥራቸው፤ ስንቱን ለክፉ ቀን እንዳቆዩት ይነግሩሃል። እንሰት ውሃ አዝሎ ዝናብ ቢዘገይም ስለሚቆይ መጠባበቂያቸው እሱ ነው።

እኔ አባወራዎችን ብቻ ጠይቄ ሀዋሳ ተመለስኩ። እንሰት ፍቀው ዋሳ (ቆጮ) የሚያወጡት ግን ሴቶቹ ናቸው፤ የትኛው የእንሰት ዓይነት ድርቅ እንደሚችል የነገሩኝም እነሱ፣ በሁለተኛው ጉዞ፣ በራሴ የትራንስፖርት ወጪ። ሲዳምኛ የምትችል ሴት አስተርጓሚ ይዘህ ውጣ።