ቪንሰንት ኦብራየን፦ በመሰናክልም በሜዳም
መሰናክል የሚዘሉ ፈረሶችን ሲያሠለጥን የኖረ ሰው መሰናክል በሌለበት የሜዳ ግልቢያም ሊሳካለት ይችላል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ከአየርላንዳዊው የፈረስ አሠልጣኝ ከቪንሰንት ኦብራየን የተሻለ ምስክር አላውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1955 የሊቨርፑሉን የመሰናክል ውድድር ግራንድ ናሽናልን በሦስት የተለያዩ ፈረሶች በተከታታይ አሸንፎ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ሜዳ ግልቢያ በማዞር የእንግሊዙን የሜዳ ውድድር የኤፕሰም ደርቢን 6 ጊዜ ወስዷል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ለእያንዳንዱ እንስሳ የነበረው ጥንቃቄ ነው፤ በ1968 ከካናዳ መርጦ ያስገዛው ኒጂንስኪ የተባለ ፈረስ አየርላንድ ውስጥ ባሊዶይል ወደሚገኘው ጋጣው እንደ ደረሰ አጃ አልበላም ቢለው፣ የለመደውን እንክብል መኖ ከዚያው ከካናዳ አስላከለት፤ መኖው ሲደርስ ግን ፈረሱ አጃውን መብላት ጀምሮ ነበር። ይኸው ፈረስ በ1970 ሁለት ሺህ ጊኒ፣ ደርቢና ሴንት ሌጀር የተባሉትን ሦስት የእንግሊዝ የሜዳ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ፤ ከእርሱ ወዲህ ሦስቱን አንድ ላይ ያሸነፈ ፈረስ የለም።