መልስ፦ የላቬንደር ዘይቱ ለምን አቃጠለሽ?

የላቬንደር ዘይት ገንዳው ውስጥ ጠብ አድርገሽ ስትገቢ ቆዳሽን ለምን እንዳቃጠለሽ ጠይቀሻል። ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም። ጠብታው ሳይቀጥን ይንሳፈፍና በቀጥታ ቆዳሽ ላይ ያርፋል። ገንዳው ውስጥ የሚጨመረው ጨውም ዘይቱን ከውሃው ጋር አያዋህደውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 5 ጠብታውን መጀመሪያ ከ1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ጋር ቀላቅዪው። ያኔም ይንሳፈፋል፣ ግን ስለቀጠነ የማቃጠል እድሉ ይቀንሳል። የቀረፋ ዘይትን ግን ጭራሽ አትሞክሪው፣ ኃይለኛ ነው።

ኤፕሰም ጨው (ገላ መታጠቢያ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የማግኒዥየም ጨው) 2 ኩባያ ይበቃል። ውሃው 38 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ከ20 ደቂቃ በላይ አትቆዪ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውነትን የሚያፍታታው በዋናነት ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ቆዳሽ እስኪያገግም ዘይቱን ብትተዪው ምንም አይቀርብሽም። ስትወጪ ደግሞ አደራ ቀስ በይ፣ ዘይት የነካው ገንዳ በጣም ያንሸራትታል።