«በምን ፍላይ ያዝከው?» ከማለታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው እንግሊዝ አገር ለምትኖሩና ዓሣ ማጥመድ ለጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ ወገኖቼ ነው። ትራውት የሚባለውን ዓሣ ይዤ ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «በምን ፍላይ ያዝከው?» ፍላይ ማለት በላባ፣ በጸጉርና በክር መንጠቆ ላይ ታስሮ ነፍሳትን እንዲመስል የተሠራ ነገር ነው። ስሙን እነግራለሁ። ጠያቂው ይገዛል፣ ቅዳሜ ከእንቅልፉና ከሥራው ቀንሶ ይሄዳል፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይቆጨኛል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነበራ፤ ዓሣው ምን ያህል ጥልቀት ላይ ነበር? ፍላዩንስ በምን ፍጥነት ጎተትከው? ፍላዩ ሦስተኛ ነው።

ስለ ፈቃድ ቶሎ ልበል። 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሙሉ የመንግሥት የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከ13 እስከ 16 ላሉ ልጆች በነፃ ነው፣ ግን ማውጣት ግድ ነው። የ1 ቀን፣ የ8 ቀንና የ12 ወር አለ። ያለ ፈቃድ ከተገኛችሁ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል። ይህ ሐይቁ ራሱ ከሚያስከፍለው የቀን ቲኬት የተለየ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንድ ወዳጄ ሐዋሳ እንደለመደው ሊጥና ትል ይዞ ሄዶ ከበር መልሰውታል። ትራውት የሚለቀቅባቸው ሐይቆች አብዛኞቹ ከፍላይ ሌላ አይፈቅዱም። ቲኬቱ ላይ ስንት ዓሣ ይዛችሁ መሄድ እንደምትችሉ ተጽፏል። አንብቡት፣ ካልገባችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዓሣው። እንደ ራትላንድና ግራፍሃም ባሉ ትልልቅ የውኃ ማጠራቀሚያዎችም ሆነ በትንንሾቹ ሐይቆች የምታገኙት በብዛት ሬንቦ ትራውት ነው። ኩሬ ውስጥ በእንክብል መኖ ያድግና በመኪና መጥቶ ይለቀቃል። ስለዚህ ስትደርሱ ቢሮው ላይ ያለውን ሰው «መቼ ነው ዓሣ የለቀቃችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል።

ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ከሆነ፣ ዓሣው ገና በቡድን ነው የሚሄደው፣ ከተለቀቀበት ቦታም ብዙ አልራቀም። የተፈጥሮ ምግብ ምን እንደሆነ ገና አያውቅም። ደማቅ ነገር ሲያይ ይከተላል። ብርቱካናማው ብሎብ፣ ነጭና አረንጓዴው ካትስ ዊስከር የሚባሉት ፍላዮች የሚሠሩት ያኔ ነው። ወርውሩ፣ ትንሽ ይስመጥ፣ ፈጠን እያላችሁ ጎትቱ። ሦስት አራት ጊዜ ተከትሎ ሳይነክስ ከተመለሰ ግን ያንኑ ቀለም መወርወር አቁሙ። ወደ ጥቁር ወይም ወደ ትንሽ ቀይሩ። ዓሣው ቶሎ ይነቃል።

ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የቆየው ግን ሌላ ዓሣ ነው። ይህን የተማርኩት ከሆዱ ነው። አንድ የሚያዝያ ቀን የያዝኩትን ትራውት እቤት ስከፍተው ሆዱ ውስጥ ጥቁር ነገር ተጠቅጥቋል። ነጭ ሳህን ላይ አድርጌ ውኃ አፈሰስኩበት። ሲበታተን አየሁት፤ እያንዳንዳቸው ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ወገባቸው ቀጭን፣ አናታቸው ላይ ነጭ ጭረት ያላቸው ትንኝ ለመሆን የተቃረቡ ነፍሳት ናቸው። ሁለቱ ገና ይንቀሳቀሱ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተውለበለበ ትልቅ ፍላይ ስወረውርበት የዋልኩት ዓሣ ሲበላ የዋለው ይህንን ነው።

እነዚህን እዚህ አገር አጥማጆች ባዘር ይሏቸዋል። ከሐይቁ ወለል ተነስተው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ገጹ ላይ ሲደርሱ ቆዳቸውን ጥለው ትንኝ ሆነው ይበራሉ። ትንኝ ደግሞ ውኃ ውስጥ አይሮጥም። እናንተም ፍላዩን አታሩጡት! ጥቁር የባዘር ፍላይ፣ መንጠቆው ቁጥር 12፣ በሚንሳፈፈው ክር፣ ከፊቱ ያለው ቀጭን ክር 4 ወይም 5 ሜትር ርዝመት፣ ከዚያ ነፋስ ከጎን እየገፋ እንዲወስደው መተው። የእጃችሁ ሥራ የላላውን ክር መሰብሰብ ብቻ ነው። ዓይናችሁ ግን ከክሩ ጫፍ አይነሳ። ዓሣው ሲወስደው ብዙ ጊዜ አይመታም፤ ክሩ ቀስ ብሎ ቀጥ ይላል። ያኔ ዘንጉን አንሱ። ባዘር አልሠራ ካለ ዲያውል ባክ የምትባለውን ትንሽ የዌልስ ፍላይ አስራችሁ ክሩን በጣቶቻችሁ መካከል እንደ 8 ቁጥር እያጠፋችሁ በቀስታ ሳቡ። እኔ አንድ ፍላይ ብቻ ይዘህ ሂድ ብባል እሷን ነው የምይዘው።

ጥልቀትን የምታውቁት በመቁጠር ነው። ቀስ ብሎ የሚሰምጠው፣ ኢንተርሚዲየት የሚባለው ክር በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። መጀመሪያ ወርውሩና 5 ቆጥራችሁ ጎትቱ። ቀጥሎ 10፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 30። ዓሣ በ20 ከነካ ቀጣዩም ውርወራ 20 ነው። ሳይቆጥሩ የሚያጠምዱ ሰዎች አንድ ዓሣ ይይዛሉ፣ ሁለተኛውን ግን የት እንዳገኙት አያውቁም። ሃያ ደቂቃ ምንም ከሌለ መጀመሪያ ጥልቀት ቀይሩ፣ ከዚያ ፍጥነት፣ ፍላዩን መጨረሻ። ውኃው ገጽ ላይ ጀርባና ጅራት ብቻ ብቅ ብሎ ሲጠፋ ካያችሁ ደግሞ መቁጠሩን ተዉት፤ ዓሣው ከገጹ ሥር እየበላ ስለሆነ ፍላያችሁም እዚያው ይሁን።

ስለ ነፋስ አንድ ነገር። በቀኝ እጁ ለሚወረውር ሰው ነፋሱ ከግራ ትከሻ ቢመጣ ይመረጣል። ከቀኝ ከመጣ መንጠቆው ወደ ራሱ ፊት ይመጣል። መነጽርና ኮፍያ ሳታደርጉ አንድም ጊዜ እንዳትወረውሩ፣ ልጆችን ይዛችሁ ከሄዳችሁማ ለነሱም። ውኃው እንደ መስታወት ከተኛበት ቦታ ትንሽ ሞገድ ያለበት ይሻላል። ነፋስ ምግቡን ስለሚገፋው በሞቃታማ ወራት ነፋሱ የሚመታውን የማዶ ዳርቻ አትናቁት፣ መወርወሩ ቢከብድም።

ሙቀትን በተመለከተ እባካችሁ ስሙኝ። ትራውት የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው። ለዚህ ነው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ አገራችን ውስጥ የተለቀቀው ባሌ ተራሮች ላይ፣ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች የሆነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል። በጀመርኩበት ዓመት አንድ የሐምሌ ቀን ሦስት ዓሣ ይዤ ሁሉንም ለቀቅኩ፤ ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ልወጣ ስል አንዱ ሸምበቆው ሥር ነጭ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በሙቀት ጊዜ አልለቅም። ቲኬቱ የሚፈቅደውን ያህል ይዤ አቆማለሁ፣ ወይም ጭራሽ አልሄድም። በቀዝቃዛው ወቅት የምትለቁ ከሆነ ወደ ኋላ የሚይዘው ትንሽ ጥርሱ የተነሳ መንጠቆ ተጠቀሙ፣ እጃችሁን አርጥቡ፣ ከውኃው ሳታወጡት ፍቱት። የምትበሉት ከሆነ ደግሞ ወዲያው አናቱን በአጭር ዱላ ምቱት። ሣሩ ላይ እየተንፈራገጠ እንዲሞት መተው ነውር ነው።

ቤት ስትገቡ በሎሚና በጨው አሽታችሁ ከነቆዳው ጥበሱት፣ ከጎኑ ዳጣ። ሥጋው ቀላ ያለ ነው፣ ከቆሮሶ ይልቅ ቅባት አለው፣ ስለዚህ ዘይት አታብዙ።

ብዙ ቦታ ስትወጡ የያዛችሁትን የምትጽፉበት መዝገብ አለ። ጠዋት ስትገቡም እሱን አገላብጡ፤ ትናንት ማን የት ቆሞ ምን እንደያዘ እዚያ ነው ያለው። ማታ እናንተም ጻፉ። ምንም ካልያዛችሁ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ከያዛችሁ ከፍላዩ ስም ጎን ስንት ቆጥራችሁ እንደያዛችሁት ጨምሩበት።