የክሎራይዱ መጠን 0.25 ሞላር ነው

የድብልቁ ክሎራይድ ስንት ሞላር ነው ላልሽው መልሱ 0.25 ሞላር ነው እህቴ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውስጥ 0.25 ሞል (ሞል የቅንጣቶች መቁጠሪያ አሃድ ነው)። 100 ሚሊ ሊትር 0.2 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ከ100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ጋር ቀላቅለሽ 0.15 የመጣብሽ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ሲሟሟ ሁለት ክሎራይድ አዮን እንደሚለቅ ስለዘለልሽው ነው። ስሌቱ ሌላ ችግር የለበትም።

መጀመሪያ ሊትሩን በሞላሩ እያባዛሽ ሞሉን አውጪ፣ 100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሊትር ነው።

1. ከካልሲየም ክሎራይዱ፦ 0.1 × 0.2 × 2 = 0.04 ሞል
2. ከሶዲየም ክሎራይዱ፦ 0.1 × 0.1 = 0.01 ሞል
3. ድምሩን 0.05 ለጠቅላላው 0.2 ሊትር አካፍዪ

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እዚህ ደሴ የማስጠናቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የክሎራይዱን ሞላሪቲ ደምረው ለሁለት ያካፍላሉ። እዚህ ጥያቄ ላይ ይሰራል፣ የሁለቱ ሚሊ ሊትር እኩል ስለሆነ ብቻ። አንዱ 50 ሌላው 150 ሚሊ ሊትር የሆነ ቀን ግን ይዞሽ ገደል ይገባል፣ ስለዚህ ሁሌም በሞል ሂጂ።