የአራስ ልጅ የታይሮይድ ክኒን ጡጦ ውስጥ ይበጠበጣል ወይ?

«የ3 ሳምንት ልጄ የታይሮይድ ሆርሞን አነሰው ተብሎ ክኒን ታዘዘለት፤ ጡጦ ውስጥ ልበጥብጠው?» ላልሽው፦ አይሆንም። ጡጦውን ካልጨረሰ መድኃኒቱም ይቀራል።

የታዘዘውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን (ሌቮታይሮክሲን) በሁለት ማንኪያ መሐል አድቅቂው። እዚያው ማንኪያ ላይ ጥቂት የታለበ የጡት ወተት ጠብ አድርገሽ ወዲያው በጉንጩ በኩል ስጪው። በጥብጠሽ አታስቀምጪ፤ ዱቄቱ ይዘቅጣል። የብረት ወይም የካልሲየም ጠብታ ከታዘዘለት በመሐላቸው 4 ሰዓት ይኑር፤ አለዚያ መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ታስሮ ሳይሰራ ይወጣል።

ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት «ይጠባል፣ ይስቃል፣ ድኗል» ብለው ሲያቋርጡ ነው። እስከ 3 ዓመቱ ሆርሞኑ ከጎደለ የአንጎል ነርቮች ትስስርና ሽፋን ይጓደላል፤ ይህ ደግሞ ፊቱ ላይ አይታይም፣ በኋላ ክኒን ቢሰጠውም አይካካስም። ክብደቱ ሲጨምር መጠኑም ስለሚለወጥ የደም ምርመራ ቀጠሮ አትዝለዪ።